ሕዋስ ውሃ ሲያስገባና ሲያስወጣ መመዘን፦ የድንች፣ የሽንኩርትና የቀይ ሥር ሙከራዎች አሠራር

ድንች ቆርጦ ስኳር ውሃ ውስጥ መንከር ማንም የሚችለው ሥራ ነው። ሙከራው በብዛት የሚበላሸው ቁራጩ ከውሃው ወጥቶ በሶፍት ሲደርቅ ነው። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ የሚያደርቅ እጅ የአንድ ሙሉ ቀን ልፋት በጥቂት ሰከንድ ገደል ይከታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ሕዋስ ሽፋን ከሚነገረው ያላነሰ ስለ እጅ ሥራ ይነገራል።

የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር የሚደርስ፣ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ ፎስፎሊፒዶች የተሠራ ስስ ቅባት ነው፤ በየመሃሉ ፕሮቲኖች ተሰክተውበታል። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅባቱን ራሱን ሰንጥቀው ያልፋሉ። ውሃም በቅባቱ በኩል በመጠኑ ያልፋል፤ በፍጥነት የሚያልፈው ግን አኳፖሪን በሚባሉ የፕሮቲን ቀዳዳዎች ነው። ፒተር ኤግር በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው እነዚህን በማግኘቱ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ግሉኮስና የመሳሰሉት ፕሮቲን ካልረዳቸው አይገቡም። ከበዙበት ወደ አነሱበት ሲሄዱ ሕዋሱ ጉልበት አያወጣም። ካነሱበት ወደ በዙበት ለመግፋት ግን ያወጣል፤ የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ በአንድ ኤቲፒ፣ ማለትም ለሕዋሱ ጉልበት በሚሰጥ ሞለኪውል፣ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል።

ኦስሞሲስ የምንለው የውሃውን ጉዞ ብቻ ነው። ሽፋኑ ስኳሩን ይከለክላል፣ ውሃውን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ውሃው ከቀጭኑ ስኳር ውሃ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል። ድንቹ ከተነከረበት ውሃ ይልቅ ውስጡ ወፍራም ከሆነ ውሃ ስቦ ይከብዳል፤ ቀጭን ከሆነ ውሃ ለቆ ይቀላል። የምንፈልገው ክብደቱ የማይጨምርበትንም የማይቀንስበትንም ነጥብ ነው።

የስኳር ውሃውን ማዘጋጀት

አንድ ሞል ሱክሮስ፣ ማለትም የተለመደው ነጭ ስኳር፣ 342.3 ግራም ይመዝናል። 1 ሞላር ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ሞል አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ 250 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ስኳር ውሃ ለማግኘት 85.6 ግራም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ይለካና ስኳሩን ይጨምርበታል። ይህ ስህተት ነው። ስኳሩ ከሟሟም በኋላ 53 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ስለሚይዝ የሚገኘው 303 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ «1 ሞላር» ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ በእውነቱ 0.83 ሞላር አካባቢ ነው። ከሱ የሚቀጥኑት ሁሉ ስህተቱን ተሸክመው ይሄዳሉ። የሚያሳዝነው ግራፉ ምንም ችግር አለማሳየቱ ነው፤ መስመሩ ያምራል፣ መልሱ ግን ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ትክክለኛው መንገድ 85.6 ግራሙን በ150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ ማሟሟት፣ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ መጠበቅ፣ ከዚያ በመለኪያ ሲሊንደር እስከ 250 መስመር ድረስ ውሃ መጨመር ነው። ሳይቀዘቅዝ ከተለካ፣ ሲቀዘቅዝ ይዘቱ ትንሽ ይቀንሳል።

ከዚህ ዋና ጠርሙስ ሰባት ብርጭቆ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አዘጋጁ፦

- 0.0 ሞላር፦ ስኳር ውሃ 0፣ ንጹህ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር
- 0.1 ሞላር፦ 5 እና 45
- 0.2 ሞላር፦ 10 እና 40
- 0.3 ሞላር፦ 15 እና 35
- 0.4 ሞላር፦ 20 እና 30
- 0.5 ሞላር፦ 25 እና 25
- 0.6 ሞላር፦ 30 እና 20

በጠቅላላው የሚወስደው 105 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለድጋሚ ሙከራ የሚሆን ይተርፋል። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱ። ወፍራሙ በቀጭኑ ውስጥ የሚርገበገብ ክር መስሎ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። ክሩ ጨርሶ እስኪጠፋ አማስሉ፤ ካልሆነ ከታች ያለው የድንች ጫፍ አንድ፣ ከላይ ያለው ጫፍ ሌላ ስኳር ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በየብርጭቆው ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሰባቱም ውሃ ይመስላሉ፤ አንዴ ከተደባለቁ የሚለያቸው የለም።

ጨው ለምን አይሆንም? ይሆናል፣ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ለሁለት ስለሚከፈል 0.15 ሞላር ጨው የ0.3 ሞላር ስኳርን ያህል ውሃ ይስባል። በዚያ ላይ አዮኖቹ ከጊዜ ጋር ወደ ሕዋሱ ይሰርጋሉ። ስኳር ለጀማሪ ይሻላል።

ድንቹን መቁረጥ

ለሁሉም ቁራጭ አንድ ትልቅ ድንች ተጠቀሙ። የሁለት ድንች ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሁለት ድንች የግድ ካስፈለገ ከእያንዳንዱ ለሁሉም ብርጭቆ የሚዳረስ ቁራጭ ይውጣ። ድንቹ ጠንካራ፣ ያልበቀለ፣ ያልጠወለገ ይሁን። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሰነበተ ድንች አትውሰዱ፤ ብርድ ላይ ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ የምትፈልጉት ነጥብ ይሸሻል።

ለሰባት ብርጭቆ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 21 ቁራጭ ያስፈልጋል። የቡሽ መብሻ ቱቦ ካለ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ወስዳችሁ ድንቹን መክተፊያ ላይ አቁማችሁ ከላይ ወደ ታች ውጉት። እጃችሁ ከሥር እንዳይሆን፤ ቱቦው ድንቹን በስቶ ሲወጣ መዳፍ ይቆርጣል። ከሌለ በስለታም ቢላ 1 በ1 በ4 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉ። ልጣጩ ምንም ሳይቀር መነሳት አለበት፤ ቡሽ መሰል ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም፣ ልጣጭ ያለበት ቁራጭ ከጓደኞቹ ወደኋላ ይቀራል።

እዚህ ላይ በደግነት የሚሠራ ጥፋት አለ። ቁራጮቹ እንዳይጠቁሩ ብሎ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ሙከራውን ከመመዘን በፊት መጀመር ማለት ነው። ክዳን ባለው ደረቅ ሳህን አስቀምጧቸው፤ ትንሽ ቢጠቁሩ ጉዳት የለውም። በአንድ ብርጭቆ የሚገቡትን ሦስቱን ለመለየት አንዱን እንዳለ ተዉት፣ ሁለተኛውን ጫፉ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ በቢላ ጫር አድርጉት። ይህን ሁሉ ከመመዘናችሁ በፊት ጨርሱ።

መመዘን፣ መንከር፣ ማድረቅ

1. እያንዳንዱን ቁራጭ በሶፍት አንድ ጊዜ አንከባሉት፣ ሁለቱን ጫፎች ነካ ነካ አድርጉ።
2. ቢያንስ 0.01 ግራም በሚያነብ ሚዛን መዝኑና ጻፉ። 1 በ1 በ4 የሆነው ቁራጭ ከ4 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል።
3. ሦስቱን በአንድ ጊዜ ንከሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ወደሚቀጥለው ብርጭቆ በ2 ደቂቃ ልዩነት ሂዱ፤ ስታወጡም በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ልዩነት አውጡ።
4. ቁራጮቹ ሙሉ በሙሉ መጥለቃቸውን አረጋግጡ፣ ብርጭቆውን ክደኑት። ሳይከደን ያደረ ብርጭቆ ውሃው ስለሚተን ይወፍራል።
5. ጊዜው ሲደርስ በወረንጦ አውጡ፣ እንደ መጀመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ አንከባሉ፣ መዝኑ።

ማድረቁ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር እንየው። የ1 በ1 በ4 ቁራጭ ገጽ በድምሩ 18 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። በላዩ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ውሃ ቢቀር 0.18 ግራም ይሆናል፤ ይህ ከቁራጩ ክብደት 4 በመቶ አካባቢ ነው። በኦስሞሲስ የሚመጣው ለውጥ ራሱ በአንዳንድ ብርጭቆ ከ5 በመቶ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ በሶፍት አያያዝ ብቻ ያንኑ ያህል ማጣት ይቻላል። በሌላ በኩል ጨምቆ ማድረቅ ከውስጥ ያለውን ውሃ ያወጣል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ሰው ያድርቅ፣ በአንድ ዓይነት ሶፍት፣ በአንድ ዓይነት ጫና። አንዱ ሰው ግማሹን፣ ሌላው ግማሹን ካደረቀ ግራፉ መሃሉ ላይ ይሰበራል።

ስንት ሰዓት ይቆይ? የክፍል ጊዜ ካጠረ 1 ሰዓት የለውጡን አቅጣጫ ያሳያል፣ ግን ጉዞውን አይጨርስም። ዲፊውዥን፣ ማለትም ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት በራሳቸው መሰራጨታቸው፣ በአጭር ርቀት ፈጣን፣ በረጅም ርቀት ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። ግሉኮስ በውሃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ትንሽ ሕዋስን ስፋት፣ ለመሄድ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ይበቃዋል። 1 ሚሊ ሜትር ለመሄድ 12 ደቂቃ ገደማ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ ደግሞ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የድንቹ መሃል ከገጹ 5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ማሳደር ከቻላችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳድሩ፤ ከ24 ሰዓት ማለፍ ግን አያስፈልግም፤ ውሃው መደፍረስ ሲጀምር ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ቁራጮቹን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ክብ ቅጠሎች ለውጧቸው፤ በዚያው ልክ ግን ገጻቸው ስለሚበዛ ማድረቁ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከመመዘናችሁ በፊት አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። ከንጹህ ውሃ የወጣውን ቁራጭ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ጎን ዘርጉት፤ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ብታጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከ0.6 ሞላር የወጣው ጫፉን ይደፋል፣ ታጥፎም አይሰበርም። የመጀመሪያው ሕዋሶቹ ውሃ ጠጥተው የሕዋስ ግድግዳቸውን ወጥረውታል፤ የሁለተኛው ግድግዳ ላልቷል።

ስሌቱ

ቁራጮቹ መነሻ ክብደታቸው ስለሚለያይ በግራም ማወዳደር አይቻልም፤ መቶኛ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሲቀነስ የመጀመሪያው፣ ለመጀመሪያው ተካፍሎ፣ በ100 ይባዛል። 4.31 የነበረ ቁራጭ 4.74 ከሆነ ለውጡ ሲደመር 10.0 በመቶ ነው። 4.18 የነበረ 3.72 ከሆነ ሲቀነስ 11.0 በመቶ ነው። የመቀነስ ምልክቱን አትርሱ፤ ምልክቱ የጠፋበት ሰንጠረዥ ወደ ላይ የሚታጠፍ አስቂኝ ግራፍ ይሰጣል። የሦስቱን አማካይ የምትወስዱት መቶኛውን ለየብቻ ካወጣችሁ በኋላ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወጣ ዝም ብላችሁ አትሰርዙት፤ መጀመሪያ ልጣጭ ቀርቶበት እንደሆነ፣ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ።

በግራፉ አግድም የስኳሩን ክምችት፣ በቁሙ የመቶኛ ለውጡን አድርጉ፣ ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ፣ መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበትን አንብቡ። ለምሳሌ በ0.2 ሞላር ሲደመር 3.1፣ በ0.3 ሞላር ሲቀነስ 1.9 ቢሆን መስመሩ ዜሮን የሚቆርጠው 0.262 ሞላር ላይ ነው። ለድንች ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሞላር ባለው ውስጥ ይወድቃል።

የውሃ ፖቴንሻል፣ ማለትም ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር በግፊት አሃድ የሚለካ ቁጥር፣ ከተጠየቃችሁ ይህን ክምችት በጋዝ ቋሚው (0.00831) እና በኬልቪን ሙቀቱ አባዙት፣ የመቀነስ ምልክት አድርጉበት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም በ293 ኬልቪን፣ 0.262 ሞላር ሲቀነስ 0.64 ሜጋፓስካል ይሰጣል። በሴልሺየስ ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው፤ መልሳችሁ ሲቀነስ 0.04 አካባቢ ሆኖ ከታያችሁ 20ን በ293 ፋንታ አስገብታችኋል።

ውጤቱ እንግዳ ሲሆን

ሁሉም ቁራጭ ከከበደ፣ 0.6 ላይ ያለው እንኳ፣ ድንቹ ከመጀመሪያው ጠውልጎ ነበር ወይም ዋናው ስኳር ውሃ ቀጥኗል። ሁሉም ከቀለለ፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ መጀመሪያ ሲመዘን ሳይደርቅ እርጥብ ነበር፣ ወይም መጨረሻ ላይ ተጨምቋል። አንዱ ነጥብ ብቻ ከመስመሩ ከወጣ ሁለት ብርጭቆ ተለዋውጦ እንደሆነ አጣሩ፤ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሸሽተው ከሆነ መለዋወጡ የታወቀ ነው።

ከ0.5 በኋላ መስመሩ ቢተኛ አትደንግጡ። ሕዋሶቹ ሊለቁት የሚችሉትን ውሃ አብዛኛውን ለቀዋል፤ ስኳር ውሃው ደግሞ በግድግዳው አልፎ የተሸበሸበው ሽፋን የለቀቀውን ቦታ ይሞላል፣ ስለዚህ ክብደቱ እንደቀድሞው አይወርድም። በንጹህ ውሃም በኩል እንዲሁ፣ ግድግዳው ስለሚገታው ድንቹ ያለ ወሰን አያብጥም።

ሽንኩርት በማይክሮስኮፕ

ሚዛኑ የነገረንን በዓይን ለማየት ቀለም ያለው ቀይ ሽንኩርት ይወሰዳል። ሥጋማውን ንብርብር አንዱን አውጡና በውጭ በኩል፣ ሐምራዊ በሆነው ገጹ ላይ፣ በምላጭ 5 በ5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ቀለል አድርጋችሁ ሰንጥቁ። አንዱን ጥግ በወረንጦ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት፤ እንደ ስስ ላስቲክ ሆኖ ይነሳል። ከሥሩ ነጭ ሥጋ ተያይዞ ከመጣ ጣሉትና ሌላ ሞክሩ፤ ሥጋ ያለበት ላይ ብርሃን አያልፍም። በስተውስጥ በኩል ያለው ልጥ ሲላጥ ይቀላል፣ ግን ቀለም ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይረዳም።

ልጡን ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ አንጥፉት። መሸፈኛ መስታወቱን በአንድ ጠርዙ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኙት፤ ዝም ብሎ ከተጣለ አየር ይገባል፣ ጀማሪም ጥቁር ጠርዝ ያለውን የአየር ኳስ ሕዋስ ብሎ ይስለዋል። በ100 እጥፍ ቀለሙ የደመቀበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ 400 እጥፍ እለፉ። ሕዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ ሐምራዊው ቀለም ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

አሁን 5 በመቶ የጨው ውሃ፣ ማለትም 5 ግራም ጨው ሟሙቶ እስከ 100 ሚሊ ሊትር የተሞላ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ከመሸፈኛው በአንዱ ጠርዝ አስቀምጡ። በተቃራኒው ጠርዝ ቁራጭ ሶፍት አስነኩ፤ ሶፍቱ ውሃውን ሲመጥ ጨው ውሃው ከሥር ይሳባል። ዓይናችሁን ከሌንሱ አታንሱ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ መጀመሪያ ከጡቡ ማዕዘኖች ይሸሻል፣ ማዕዘኖቹ ነጥተው ይቀራሉ፣ ከዚያ ጎኖቹም ይለቃሉ፤ በመጨረሻ ሐምራዊው ክብ ሆኖ በመሃል ይሰበሰባል። ቀለሙም ይጠቁራል፤ ያው ቀለም በትንሽ ውሃ ውስጥ ስለታጨቀ ነው። ይህ ፕላዝሞሊሲስ ይባላል። ግድግዳውን ተመልከቱት፤ ካለበት አልተነቃነቀም።

በግድግዳውና በተሸበሸበው ሽፋን መካከል ያለው ክፍት የሚመስል ቦታ ምን ይዟል ሲባል ብዙ ተማሪ «አየር» ወይም «ምንም» ይላል። የያዘው ጨው ውሃውን ነው፤ ግድግዳው ጨውንም ውሃንም አይከለክልም፣ የሚከለክለው ሽፋኑ ነው።

ለመመለስ በዚያው መንገድ ንጹህ ውሃ አስገቡ፣ ግን ቀስ በቀስ። ሽፋኑ በድንገት ሲወጠር ሊቀደድ ይችላል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ጨው ውስጥ የቆየ ልጥ ባይመለስ አይግረማችሁ፤ ሕዋሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። መመለሱ ራሱ ሕዋሱ በሕይወት እንደነበር ማረጋገጫ ነው።

ቁጥር ለሚፈልግ፣ በጨው ፋንታ የየክምችቱን ስኳር ውሃ ተጠቅሞ በየስላይዱ 50 ሕዋስ ቆጥሮ ስንቱ እንደለቀቀ መጻፍ ይቻላል። ግማሹ የለቀቀበት ክምችት ከሕዋሱ የውስጥ ፈሳሽ ጋር የሚስተካከለው ነው። በድንቹ ካገኛችሁት ጋር ግን አታምታቱት፤ በድንቹ ዜሮ ነጥብ ላይ ግድግዳው ገና ተወጥሯል፣ በሽንኩርቱ ግማሽ ነጥብ ላይ ውጥረቱ አልቋል። በአንድ ዓይነት ተክል ላይ ሁለቱም ቢለኩ የሁለተኛው ቁጥር ከፍ ይላል።

የዲያሊሲስ ቱቦ፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር

የዲያሊሲስ ቱቦ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ቱቦ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አለስልሱ፣ አንዱን ጫፍ ቋጥሩ፣ 1 በመቶ ስታርችና 10 በመቶ ግሉኮስ የያዘ 10 ሚሊ ሊትር ሙሉበት፣ ሌላውን ጫፍ ቋጥሩ። ከውጭ በኩል በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ ሲሞላ የተንጠባጠበ ግሉኮስ ካልታጠበ ከደቂቃ በኋላ «ወጣ» ብላችሁ የምትመዘግቡት እሱን ነው። ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን አዮዲን የተጨመረበት ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጡ። ቱቦው ውስጡ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፣ ውጭው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፤ አዮዲኑ ገብቷል፣ ስታርቹ አልወጣም። ከውጭው ውሃ ቀድታችሁ በቤኔዲክት፣ ማለትም ግሉኮስን በሚለይ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ብታሞቁት ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም የሸክላ ቀይ ይሄዳል፤ ግሉኮሱ ወጥቷል። በግሉኮስ ፋንታ ሱክሮስ ያደረገ ሰው ሰማያዊው አልለወጥ ይለዋል፤ ሱክሮስ ቤኔዲክትን አይለውጥም።

ሙከራው ያምራል፣ ግን አንድ የተሳሳተ ነገር ያስተምራል። ቱቦው ወንፊት ነው፤ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። የሕዋስ ሽፋን እንደዚያ አይደለም። የሶዲየም አዮን ከግሉኮስ ያንሳል፣ በቱቦው በኩል ያለ ችግር ያልፋል፤ የሕዋሱን ቅባት ግን ብቻውን አያልፍም፣ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ሙል አለውና ውሃን እንጂ ቅባትን አይወድም። ይህን ሙከራ የሚያሳይ መምህር ይህን ካልተናገረ ተማሪው «ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ አያልፍም» የሚለውን ይዞ ይወጣል።

ቀይ ሥር፦ ሽፋኑ ሲቀደድ

የቀይ ሥር ቀለም፣ ቤታሲያኒን፣ የሚቀመጠው በቫኪዮል፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ባለ የፈሳሽ ከረጢት፣ ውስጥ ነው። ለመውጣት የቫኪዮሉን ሽፋንና የሕዋሱን ሽፋን ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ሁለቱ ደህና ከሆኑ አይወጣም። ስለዚህ ውሃው ምን ያህል እንደቀላ ሽፋኑ ምን ያህል እንደተጎዳ ይናገራል።

በ1 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ወግታችሁ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ክብ ቅጠሎች፣ ማለትም ስስ የሥሩ ቁራጮች፣ ቁረጡ። ከዚያ እጠቡ፤ በቢላው የተቆረጡት ሕዋሶች ቀለማቸውን ስለሚያፈሱ ውሃው ንጹህ ሆኖ እስኪወርድ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ። ሳይታጠብ የተጀመረ ሙከራ በ20 ዲግሪም ቀይ ውሃ ይሰጣል። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ የያዙ የሙከራ ቱቦዎችን በ20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60 እና 70 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩ። ቅጠሉ ከመግባቱ በፊት የቱቦው ውሃ ሙቀቱን መድረሱን በቴርሞሜትር አረጋግጡ፤ የገንዳውን ሙቀት የቱቦው አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። በየቱቦው አንድ ቅጠል ጨምሩ፣ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ ቱቦውን ነቅንቃችሁ ቅጠሉን አውጡ፣ ቀለሙን በነጭ ወረቀት ፊት አወዳድሩ። ኮሎሪሜትር፣ ማለትም የቀለም ድምቀት የሚለካ መሣሪያ፣ ካለ በአረንጓዴ ማጣሪያ፣ 530 ናኖሜትር አካባቢ፣ በንጹህ ውሃ ዜሮ አድርጋችሁ አንብቡ።

እስከ 40 ዲግሪ ለውጡ ትንሽ ነው። ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ግን ውሃው በድንገት ይቀላል፤ በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ፣ ቅባቱም ይላላል፣ ቀዳዳ ይከፈታል። ከ70 በላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ ቀለሙ ራሱ መበላሸትና ወደ ቡናማ መሄድ ይጀምራል፤ ንባቡ ቢወርድ ሽፋኑ «ተሻለው» ማለት አይደለም።

ከሙቀት ሌላ ኤታኖልን በየክምችቱ መሞከር ይቻላል፤ ቅባቱን ስለሚያሟሟ ቀለሙ ይወጣል። እሳት አጠገብ ግን አታድርጉት። ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አንድ የታጠበ ቅጠል አድሮ በረዶ እንዲሆን ማድረግና በክፍል ሙቀት ውሃ ውስጥ ማቅለጥ ነው። ምንም ሳይሞቅ ውሃውን ያቀላዋል፤ የበረዶው ስለት ሽፋኑን ወግቶታልና። የኤታኖሉንም ሆነ የበረዶውን ቱቦ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከቆየ፣ በዚያው ቀን ከዚያው ቀይ ሥር ከተቆረጠ ቅጠል ጋር አወዳድሩ፤ በሌላ ቀን ከሌላ ቀይ ሥር የተወሰደ ንባብ የቀለሙ ብዛት ስለሚለያይ ለማነጻጸሪያ አይሆንም።